ሳይነገረው የሚያውቀው ሰው

ከብት የሚያክም አንድ ሰው ነበረ። እስቲ ተቀመጪ እንጉዳይ፤ ቆመሽ የምትሰሚው ነገር አይደለም። «የኔታ፣ ሐኪም ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ መጥቶ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ ብሎ መልሶ እኔን ይጠይቀኛል። ካላወቀው ታዲያ ምኑን ተማረው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከአንቺ በፊት ይህንኑ የጠየቀ ሰው ነበረ፤ ሊሞትበትም ጥቂት ነበር የቀረው። የሱን ነገር ልንገርሽና ከዚያ አንቺው ፍረጂ።

ይህ ሰው በአገሩ ስሙ የተጠራ ባለመድኃኒት ነበር። ላም ወተቷ ሲነጥፍ፣ በሬ ሣር አልበላም ሲል፣ በቅሎ ስታነክስ ሁሉም የሚነዳው ወደ እሱ ደጅ ነው። ቅጠሉን ከቅጠል፣ ሥሩን ከሥር ለይቶ ያውቃል። ሰዉን ያስደነቀው ግን መድኃኒቱ አልነበረም። ባለመድኃኒቱ የከብቱን ባለቤት አይጠይቅም። ገበሬው ገና ከደጅ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኮ ይቺ ላም...» ብሎ አፉን ሲከፍት እጁን ያነሣበታል። «ዝም በል፤ የታመመችው እሷ ናት እንጂ አንተ አይደለህም» ይለዋል።

ከዚያ ላሟን ይዞራታል። ጆሮዋንና የመንጋጋዋን ሥር ይዳብሳል። የዓይኗን ቆብ ገልጦ ያያል። አፍንጫዋ መርጠቡን በእጁ ጀርባ ይሞክራል። ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ ሆዷ ውስጥ የሚያጉረመርመውን ያዳምጣል፤ እበቷን እንኳ በእንጨት ገላልጦ ያሸታል። ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። በመጨረሻ «ከኩሬ ስትጠጣ አልቅት ገብቶባታል» ይላል። የትምባሆ ውሃ በአፍንጫዋ ሲያፈስባት፣ ያ ደም የጠገበ አልቅት እየተጥመለመለ ይወጣል። ሰዉ እጁን በአፉ ይጭናል። ያዩት ሰዎች ሲያወሩልኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ቅዳሴ ላይ እንደሚያንሾካሹክ ሰው።

እንዲህም ሆኖ፣ ከሚያክማቸው ከብቶች ሁሉም አይድኑለትም። ከአሥሩ ሦስቱ፣ አንዳንዴም አራቱ ይሞቱበታል። አንዷ ስታስቸግረው ማንም የማያውቅበትን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ሰዉን ሁሉ ከጋጣው ያስወጣና ራሷን በሁለት እጁ ይይዛል። «ምንሽን ነው? የቱ ጋ ነው? እባክሽ አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ» ይላታል። ላሟ በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቿ ታየዋለች። መናገር እንደምትፈልግ እርግጠኛ ነው። ሕመሟን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንደበት ግን አልተሰጣትም። ከዚያ ወጥቶ ለባለቤቱ «ቀኗ ደርሶ ነው» ይላል፤ ባለቤቱም አሜን ብሎ ይቀበላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ።

አንድ ዓመት በዚያ አገር ላሞች ይጨነግፉ ጀመር። የዚህኛው ቤት ላም ሰኞ፣ የዚያኛው ቤት ረቡዕ፤ በሰፈሩ ጤነኛ ጥጃ መውለድ ብርቅ ሆነ። ባለመድኃኒቱ ከቤት ቤት እየተጠራ እጁን እስከ ትከሻው እያስገባ የሞተውን ጥጃና የእንግዴ ልጁን አወጣ። ብዙ ላም በእጁ ተረፈች። ሰዉም እግሩን ሊስም ምንም አልቀረው።

ወር ሳይሞላ እሱ ራሱ ታመመ። ጠዋት ደህና ነው። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ቀጥሎ ይነድዳል፤ ከዚያ የለበሰው ሁሉ በላብ ይርሳል። ወገቡና ጉልበቱ እንደተቀጠቀጠ ይሆናል። ደግሞም አንድ እብጠት አለ። የት እንደሆነ አልነግርሽም፤ ለሚስቱም እንኳ አልነገራትም፤ ይኼ ይበቃሻል። በሬ የሚያስነሣውን መድኃኒት ራሱ ቀቅሎ ጠጣው፤ በሬ ያስነሣው መድኃኒት እሱን ጭራሽ አስተኛው። ሁለት ወር እንዲህ ሲሆን ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው፣ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዘው ከተማ ካለው ሆስፒታል አደረሱት።

ሆስፒታሉ ትንሽ ነው፤ ሐኪሙም አንድ ነው። አንድ ብቻ መሆኑ ሳያንስ ሴት ሆነችበት፤ ያውም የመጨረሻ ልጁን የምታህል። መዝጋቢው ሥራውን ሲጠይቀው «ገበሬ ነኝ» አለ። ባለመድኃኒት ነኝ ቢል እነዚህ የተማሩ ሰዎች ቅጠል በጣሽ ብለው የሚስቁበት መስሎታል። አልጋው ላይ ሲጋደም ደግሞ በልቡ እንዲህ አለ፦ «እኔ በሬ ሳልጠይቅ አውቅ የለም እንዴ? ይቺ ልጅ በእውነት ከተማረች ታውቅልኛለች። ካላወቀችም ብነግራት ምን ይፈይድልኛል?» ይህን ሐሳቡን ያዥልኝ፤ ካንቺ ጥያቄ በምን ይለያል?

ሐኪሟ በማግስቱ ጠዋት መጣች። ጠዋት መሆኑን ልብ በይ፤ ትኩሳቱ የለም።

«አባቴ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ሰውነቴን ነው።»

«የቱን ሰውነትዎን?»

«ሁሉንም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየት ብሏል።»

«ቤት የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም።»

«ለመናገር የሚያስቸግር ቦታስ ላይ እብጠት ወይም ቁስል...»

«የለም አልኩ እኮ» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ትስቂያለሽ አይደል? ሳቂ፤ እናያለን።

ሐኪሟ ተስፋ የምትቆርጥ አልነበረችም። ቆላ ወርዶ ይሆናል ብላ የወባ መድኃኒት ሰጠችው፤ ትኩሳቱ አልለቀቀውም። ታይፎይድ ይሆናል ብላ ሌላ ሰጠችው፤ ጥቂት በረድ አለለትና ተመልሶ ተነሣበት። ሳንባው ይሆናል ብላ አክታውን አስመረመረች፤ ሳንባው ንጹሕ ነው። ትኩሳት እንደሆነ የመቶ በሽታ ምልክት ነው፤ የትኛው እንደሆነ በምን ትለየው? ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ጥርሱን ነክሶ የሚይዘውን ነገር ሁሉ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሷ በየጠዋቱ ትጠይቃለች፤ እሱ በየጠዋቱ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ጉንጩ ገባ፣ ክንዱ የሸንበቆ ያህል ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ልጆቹን አስጠራች፤ ቃሬዛውም ተመልሶ መጣ፣ ቤቱ ገብቶ እንዲሞት።

ምን እንደተሰማው ታውቂያለሽ? ደስ አለው። «ይኸው አላወቀችም» አለ በልቡ። ያቀረበላትን ፈተና ወደቀች። የምትወድቀው በሱ ነፍስ መሆኑን ግን ልብ አላለውም። ሰው በኩራቱ ሲታመም እንዲህ ያደርገዋል፤ እኔን ራሴን ስንት ጊዜ አድርጎኛል።

ሊወስዱት በተዘጋጁበት ጠዋት ሐኪሟ መጣች። መዝገቧን አልያዘችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እንዴት አደሩ?» አላለችውም፤ መጠየቁን ትታዋለች። እጇን ዘርግታ የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየች። ከመንጋጋው ሥር በጣቷ ጫን አድርጋ ዳበሰች። በእጇ ጀርባ ግንባሩን ሞከረች። ከዚያ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ጎኑ ላይ ለጠፈች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

ባለመድኃኒቱ ጣራውን እያየ ተኝቷል። መጀመሪያ ምንም አላሰበም። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ይገባው ጀመር። እነዚህን እጆች ያውቃቸዋል። ቆቡን መግለጡን፣ መንጋጋውን መዳበሱን፣ የእጅ ጀርባውን፣ ጎን ላይ የሚለጠፈውን ጆሮ፤ አንድም ሳይቀር ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት የሱ ሥራ ነው። እሱ ግን ሁልጊዜ በሚያዳምጠው ወገን ነበር። ዛሬ የት ነው ያለው? ላሟ በምትቆምበት ቦታ ነው ያለው።

ሐኪሟ ዓይኗን ገለጠች። እጇ ገና ጎኑ ላይ ነው። ለሱ አይደለም የተናገረችው፤ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው በቀስታ «ምነው አንድ ነገር እንኳ ቢነግሩኝ» አለች።

እንጉዳይ፣ ይህን ነገር ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ሰውየው ለከብት ብቻ፣ ያውም በሩ ተዘግቶ የሚለውን፣ ሚስቱ እንኳ ሰምታው የማታውቀውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሰማው። በዚያች ቅጽበት በየጋጣው የሞቱበት ከብቶች ሁሉ ፊቱ መጡ። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ሁሉ አዩት። አንድ ቃል ቢሰጣቸው ምን ያህል በወደዱ! እሱ ምላስ ተሰጥቶታል፣ ከንፈር ተሰጥቶታል፣ ትንፋሽም ገና አላለቀበትም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን በገዛ እጁ ራሱን እንስሳ አድርጎ ተኝቷል። ፍርሃት ያዘው። ሞትን አይደለም የፈራው፤ ሞትንስ ለምዶታል። ታቦት ከመቅደስ ሲወጣ የሚይዘን ዓይነት ፍርሃት ነው። አፉ ውስጥ ያለው ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያን ጊዜ ታየው።

እጇን ያዛት።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አላት።

«ተቀምጫለሁ እኮ አባቴ።»

«እኔ ገበሬ አይደለሁም።»

ከዚያም ነገራት። እንዴት እንደነገራት ብትሰሚ! ላም አንደበት ቢኖራት እንድትነግረው እሱ እንደሚመኘው ዓይነት አድርጎ ነገራት። ከመጀመሪያው ቀን ጀመረ። ብርዱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ላቡ መቼ እንደሚከተል ነገራት። የትኛው ጉልበቱ እንደሚብስ በእጁ አሳያት። የጠጣውን ሥር በየስሙ ጠራላት፤ በስንት ቀን ስንት እንደጠጣ ሳይደብቅ ተናገረ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፈነና ያን እብጠት የት እንደሆነ ነገራት። የሰማይ ምሰሶ የሚወድቅ መስሎት ነበር። ምንም አልወደቀም። አልሳቀችም፣ ፊቷንም አላዞረችም፤ ከኪሷ ወረቀት አውጥታ ጻፈች።

ስለ ጥጆቹ ሲነግራት ግን ብዕሯ ቆመ።

«የጨነገፉትን ነው? በባዶ እጅዎ ነው ያወጧቸው?»

«በባዶ እጄ። እስከዚህ» አለና ትከሻውን ነካ።

«ስንት ይሆናሉ?»

«ሠላሳ ይደርሳሉ።»

ሐኪሟ ብድግ አለች። ሚስቱ በኋላ ስትናገር «ፊቷን ሳየው መልአክ የገባ መሰለኝና ዞር ብዬ በሩን አየሁ» ብላለች። ቃሬዛውን የያዙትን ሰዎች «ተመለሱ፣ እሳቸው የትም አይሄዱም» አለቻቸው። ደሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላከ፤ በአምስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ላሞቹን ያስጨነገፋቸው በሽታ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ በእጁ በኩል ገብቶ ደሙ ውስጥ ተቀምጧል። ትኩሳቱም፣ የጉልበቱ ሕመምም፣ ያ የተደበቀው እብጠትም የዚያው የአንዱ በሽታ ነው።

መድኃኒቱስ ከየት መጣ ትያለሽ? ከየትም አልመጣም። ከአልጋው አሥር እርምጃ ርቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እሱ ሲመነምን፣ ልጆቹ ሲጠሩ፣ ቃሬዛው ሲመጣ፣ እዚያው ተቀምጦ ነበር። በሱና በመድኃኒቱ መካከል ምን ነበረ? ገደል አልነበረም፣ ወንዝም አልነበረም። የከንፈሩ ስፋት ብቻ ነበረ። ይህ አያስደንቅሽም? እኔን ባሰብኩት ቁጥር ያስደነግጠኛል።

ሐኪሟ መድኃኒቱን ስትሰጠው አወሳሰዱን አስረዳችው። እሱም እንደ ለመደው በአክብሮት «እሺ፣ እሺ» እያለ ራሱን ነቀነቀ። መሐል ላይ መነቅነቁን አቆመ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አልገባኝም፤ ድገሚልኝ» አላት። ሁለተኛው ትልቅ ቃሉ ይኼ ነው፤ ከመጀመሪያው አያንስም። ደገመችለት። ሁለት ዓይነት መድኃኒት፣ ስድስት ሳምንት፣ ትኩሳቱ ቢለቅም እንኳ ሳያቋርጥ። ያን የሚጠጣውን ሥር ይተው። ከዚያ እሱ የሰማውን መልሶ በራሱ አፍ ነገራት፤ «በወተት እያወራረድኩ» ሲል አስቆመችውና «በውሃ ነው፤ ወተት ደግሞ ከእንግዲህ ሳይፈላ አይጠጡ» አለችው። መልሶ ባይነግራት ኖሮ ያቺን ስሕተት ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር።

ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ብርዱን ጠበቀ። ሰዓቱን ያውቀዋል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ወረደች። ብርዱ አልመጣም። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ፤ የጤነኛ ሰው ግንባር ነው። ከብት ሲሞትበት አልቅሶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ሕፃን ሆኖ አለቀሰ። ስድስቱን ሳምንት ጨርሶ በገዛ እግሩ ያን የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ አገሩ ገባ።

እንግዲህ እንጉዳይ፣ ጥያቄሽ ይኼ ነበር፤ ሐኪም ከተማረ ለምን ይጠይቀኛል? ስለተማረ ነው የሚጠይቅሽ። ሐኪም የሺህ ሰው በሽታ ያውቃል። ያንቺን ሕመም ግን፣ የት እንደጀመረ፣ መቼ እንደሚብስ፣ ሌሊት ላይ ምን እንደሚያሳስብሽ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሰፊ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እዚህ ፊቴ ተቀምጧል። የሱ እውቀትና ያንቺ እውቀት ካልተገናኙ ሁለቱም ባዶ ናቸው። የሚገናኙት ደግሞ ባንቺ አፍ ነው። እግዚአብሔር የፈጠረው ፍጡር ሁሉ ይታመማል፤ ወፉም፣ በሬውም፣ የዱር አውሬውም። ከዚያ ሁሉ መካከል «እዚህ ጋ ያመኛል» ማለት የተሰጠው ለሰው ብቻ ነው። ይህን ስጦታ ይዘሽ ገብተሽ ዝም ብለሽ ከወጣሽ፣ ሐኪሙ ጋጣ ውስጥ ለብቻው ቀረ ማለት ነው።

ደግሞም አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ አትቀየሚኝ። ይህን ሁሉ ሳወራሽ እጅሽ ከግራ ጡትሽ ሥር አልተነሣም። አሁን አነሣሽው፤ አየሁሽ። የጠየቅሽኝ ስለ ሐኪሙ ትምህርት እንዳልነበረ መጀመሪያውኑ ገብቶኛል። ምን እንደሆነ ለኔ አትንገሪኝ፤ እኔ ዳዊት ነው የማስተምረው። ሰኞ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ግን የተጠየቅሽውንም ያልተጠየቅሽውንም ለሐኪሙ ንገሪው። ሦስት ልጆች አሉሽ።